አዳሪ ወይስ ተመላላሽ? በወሩ መጨረሻ በእጅ የሚቀረው ስንት ነው



እሑድ ለመውጣት የተፈቀደላችሁ እኅቶች አብዝታችሁ ይዛችሁልን የምትመጡት ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው። «ማዳም በወር 250 ዶላር ትሰጠኛለች፤ ጓደኛዬ ግን ፍሪላንስ ወጥታ በሰዓት 4 ዶላር ይከፈላታል። እኔስ ኮንትራቴ ሲያልቅ ብወጣ አይሻለኝም?» ትሉናላችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ውጪ ሆነው በየቤቱ ሲሠሩ ቆይተው፣ ዘወር ብለው ሲያዩ በእጃቸው የቀረ ነገር ያጡ እኅቶች አሉ። እነርሱ የሚጠይቁን «ወደ አዳሪነት ብመለስ ይሻለኝ ይሆን?» ብለው ነው።

ለሁለቱም «ውጪ» ወይም «ቆዪ» የሚል መልስ አንሰጥም። መልሱ ያለው በየአንዳንዷ ሒሳብ ውስጥ ነውና። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ የስሌት ስሕተት አለ፤ ይኸውም የአዳሪዋን ደመወዝ ከተመላላሿ ገቢ ጋር አቁሞ ማወዳደር ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደሉም። የአዳሪዋ ደመወዝ ቤት፣ ምግብና መብራት ከተከፈለ በኋላ የሚሰጥ ነው፤ የተመላላሿ ገቢ ግን እነዚህ ሁሉ ገና ያልተነሡለት ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን አብረን እንቁጠር።

አስቀድመን ሁለት ነገር እንናገር። የምንጽፈው ስለ ሊባኖስ ነው፤ በሌላ አገር ያላችሁ እኅቶች የስሌቱን መንገድ ልትወስዱት ትችላላችሁ፣ የኢቃማው ሕግ ግን የየአገራችሁ ነው። ደግሞም ከዚህ በታች የምናስቀምጣቸው ዋጋዎች ለማስረዳት የወሰድናቸው ምሳሌዎች ናቸው። የክፍል ኪራይ በአንዱ ሰፈርና በሌላው፣ ብቻ ለምትኖርና ለአራት ለምትኖር አንድ አይደለም። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር በቦታው አስገቡ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለት እኅቶች ወር

አዳሪዋ በወር 250 ዶላር ይከፈላታል እንበል። ኪራይ አትከፍልም፣ የምትበላው እዚያው ነው፣ ሥራ ለመሄድ መኪና አትሳፈርም። የኢቃማ፣ የሥራ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ይህ በ2009 የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ባወጣው የቤት ሠራተኞች የውል ቅጽ ላይ የተጻፈ ነው። ከደመወዟ ላይ ለስልክ 15 ዶላር፣ ለሳሙና፣ ለቅባትና ለመሳሰለው 10 ዶላር ብታወጣ 225 ዶላር በእጇ ይቀራል።

ተመላላሿ ደግሞ በሰዓት 4 ዶላር ትሠራለች፤ በቀን አንድ ቤት 5 ሰዓት ብታጸዳ 20 ዶላር ነው። ወሩ 26 የሥራ ቀን ቢኖረው 520 ዶላር ይሆናል። ከአዳሪዋ ደመወዝ ከእጥፍ በላይ! ብዙዎችን ሻንጣቸውን የሚያስጠቀልላቸው ይህ ቁጥር ነው።

ይሁን እንጂ 26ቱም ቀን ሥራ ያገኘች ተመላላሽ ብዙ አላየንም። ማዳም በበጋ ወደ ተራራ ትወጣለች፣ ለበዓል ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች፣ ልጆቿ ታመው «ዛሬ አትምጪ» ብላ በጠዋት ትደውላለች። እኅታችን ራሷ ስትታመምም ያ ቀን አይከፈልም። በወር 6 ቀን ቢጎድል 20 ቀን ቀረ፤ 400 ዶላር ማለት ነው።

ወጪዋን ደግሞ እንመልከት። ክፍሉን ከሌሎች ጋር ተጋርታ ለኪራይ 80፣ ለመብራትና ለኢሽቲራክ 20፣ ለውኃና ለጋዝ 10፣ ለምግብ 80 ዶላር። ለሰርቪስ በቀን ደርሶ መልስ 3 ዶላር ብታወጣ በ20 ቀን 60 ዶላር። ኢቃማ፣ ኢንሹራንስና በስሙ የሚያስገባት ሰው የሚጠይቀው ተደምሮ በዓመት 600 ዶላር ቢሆን በወር 50 ነው። ስልክ 15፣ ሳሙናና ቅባት 10፣ መድኃኒት 10። ይህ ሁሉ ሲደመር 335 ዶላር ነው። ከ400 ሲቀነስ የሚቀራት 65 ዶላር ብቻ ይሆናል።

አዳሪዋ 225፣ ተመላላሿ 65። በሰዓት 4 ዶላር የምታገኘው እኅት ለእናቷ የምትልክላት ከሌላዋ ሢሶ እንኳ አይሞላም። «እንዲህ እየሠራሁ ገንዘቤ የት ይገባል?» የምትሉን እኅቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ የገባው እዚህ ውስጥ ነው። ማንም ሰርቆባችሁ አይደለም፤ እናንተም አባካኝ ስለሆናችሁ አይደለም።

ታዲያ ውጪ መሥራት ኪሳራ ነው ማለት ነው? አይደለም። ይህችው እኅት ከሰዓት በኋላ በዚያው ሰፈር በእግሯ የምትደርስበት ሁለተኛ ቤት ለ3 ሰዓት ብታገኝ፣ ቀኗ 8 ሰዓት ሞላ፤ 32 ዶላር ነው። በ20 ቀን 640 ዶላር ታገኛለች። ኪራይዋ አልጨመረም፣ ኢቃማዋ አልጨመረም፣ ሰርቪሷም ያው ነው። ስለዚህ 305 ዶላር ይቀራታል፤ ከአዳሪዋ በ80 ዶላር በለጠች። 26ቱንም ቀን እንዲሁ ብትሠራ ገቢዋ 832 ይሆናል፤ የ6 ቀን ሰርቪስ 18 ዶላር ተጨምሮ ወጪዋ 353 ነው፤ የሚቀራት 479 ዶላር። አሁን ከአዳሪዋ እጥፍ አለፈች።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት የሰዓት ዋጋ ሆኖ 65 ወይም 479 ዶላር ሊቀር ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው የሞሉት ሰዓቶች ቁጥር ነው። ወጪው በአንድ ቤትም በሁለት ቤትም አይለወጥም፤ መጀመሪያ የሚሠሩት ሰዓቶች ሁሉ ለባለቤቱና ለኢሽቲራኩ ናቸው፣ ለራስ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የራስን መለያ ቁጥር ማግኘት

ይህን በአንዲት መስመር መሥራት ይቻላል። ውጪ ብትወጡ በወር የሚያስፈልጋችሁን ወጪ ጻፉ። አዳሪ ሆናችሁ በእጅ የሚቀርላችሁን በላዩ ደምሩበት። ድምሩን ለሰዓት ዋጋችሁ አካፍሉት። በምሳሌያችን 335 እና 225 ሲደመር 560 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 140 ይሆናል። ይህ ማለት ይህች እኅት በወር 140 ሰዓት የተከፈለበት ሥራ ካላገኘች አዳሪ ብትሆን የተሻለ ይቀራት ነበር ማለት ነው። በሳምንት ሲታሰብ ከ32 እስከ 35 ሰዓት ነው።

የሰዓት ዋጋዋ 5 ዶላር ቢሆን 112 ሰዓት ይበቃታል። 3 ዶላር ከሆነ ግን 187 ሰዓት ያስፈልጋታል። ይህን ልብ በሉልን፤ ቤቱን ላለማጣት ብላ ከ4 ወደ 3 ዶላር የወረደች እኅት ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት በወር 47 ሰዓት መጨመር አለባት፤ የአምስት አምስት ሰዓት ከዘጠኝ ቤት በላይ ማጽዳት ነው። «አንድ ዶላር ምን አላት» ሲባል እንሰማለን። ያለው ይህን ያህል ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት እንግዲህ የምትቆጥሩት የተረጋገጠ ሰዓት ነው። «ነይ እንጂ፣ ሥራ ሞልቷል» የሚለው የጓደኛ ቃል ሰዓት አይደለም። ስሟን፣ ሰፈሯን፣ ቀኗንና ዋጋዋን የምታውቋት ማዳም ናት ሰዓት። እንዲህ ያሉ ማዳሞች በሳምንት ስንት ሰዓት ይሞላሉ? 15 ብቻ ከሆነ የጎደለውን 17 እና 20 ሰዓት እየፈለጋችሁ በየወሩ ካጠራቀማችሁት ላይ ትበላላችሁ።

በገንዘብ ብቻ የማይቆጠረው ጊዜ

አዳሪዋ በ225 ዶላሯ ትበልጣለች ያልነው ግን ጊዜዋን ሳንቆጥር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥታ ምሽት 3 ሰዓት ብትተኛ፣ ቀን ላይም 2 ሰዓት ብታርፍ 13 ሰዓት ሠርታለች። በ26 ቀን 338 ሰዓት ነው። 250 ዶላር ለዚህ ሲካፈል በሰዓት 74 ሳንቲም ይሆናል። (በነገራችን ላይ የ2009ኙ ውል የቀን ሥራ በአማካይ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሌሊት ቢያንስ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲኖር፣ በሳምንትም 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይላል። የምታነብቡት ብዙዎቻችሁ ይህን ስትሰሙ እንደምትስቁ እናውቃለን፤ ቢሆንም ተጽፏልና ዕወቁት።)

ተመላላሿ 140 ሰዓት ሠርታ 40 ሰዓት በመንገድ ብታሳልፍ 180 ሰዓት ነው፤ እርሷም 225 ዶላር ይቀራታል። ያንኑ ገንዘብ በግማሽ ያህል ጊዜ አገኘች ማለት ነው። የቀረው ጊዜ የራሷ ነው። ልትተኛበት፣ አረብኛ ልትማርበት፣ የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅበት ትችላለች። ማታ በር ከውስጥ ቆልፎ መተኛትም ዋጋ አለው፤ ስንት ዶላር እንደሆነ እኛ ልንተምንላችሁ አንችልም። ለአንዳንዷ እኅት ይህ ብቻውን ከሒሳቡ ሁሉ ይበልጣል፤ በተለይ በምትኖርበት ቤት ክብሯ ወይም አካሏ ለሚደፈርባት። ለእንዲህ ያለችዋ እኅት የምንጽፈው ስለ 140 ሰዓት አይደለም፤ እርሷ ሒሳብ ሳትጠብቅ ፈጥና ትናገረን።

የአዳሪዋ ምግብና መኝታም በየቤቱ አንድ አይደለም። የራስዋ ክፍል ያላትና ከቤተሰቡ ጋር አንድ ድስት የምትበላ አለች። በረንዳ ላይ የምትተኛና የተረፈውን የምትበላም አለች። ሁለቱም «ምግብና መኝታ ከአሠሪ» ይባላሉ።

አንድ ቤት ወይስ ስድስት ቤት

እስካሁን ያሰብነው ደመወዝ በጊዜው እንደሚከፈል አድርገን ነው። ይህ ደግሞ በዚህ አገር ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል።

ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ተኩል ነበር። በዚያ ጊዜ በወር 300,000 ሊራ ይከፈላት የነበረች እኅት 200 ዶላር አገኘች ማለት ነው። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሊራው ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ያንኑ 300,000 ሊራ መስጠት ቀጠሉ። ዶላሩ 89,500 ሊራ ሲደርስ ያ ገንዘብ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ሆነ። የሊራው ቁጥር አልተቀነሰም፤ ደመወዙ ግን ጠፋ። ስለዚህ ውል ስታድሱ «በዶላር፣ በእጅ» የሚለው በጽሑፍ ይግባ።

ሌሎች ደግሞ ከነጭራሹ መክፈል አቆሙ። በ2020 ሰኔ ወር አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው በቤይሩት ዳርቻ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው የሄዱትን እኅቶች ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙዎቹ ያልተከፈለ የወራት ደመወዝ ነበራቸው፤ ፓስፖርት በእጃቸው ያልነበረም ነበሩ። አዳሪነት አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ሥራ ነው። ያ አንድ ደንበኛ ሲከስር ወይም ሲከፋ ደመወዙም፣ አልጋውም፣ ምግቡም፣ ኢቃማውም በአንድ ቀን ይሄዳሉ።

ስድስት ማዳም ያላት ተመላላሽ አንዷ ብትከለክላት ከስድስት አንዱን ነው የምታጣው። የቀን ዋጋዋን በዕለቱ የምትቀበል ከሆነም ያጣችው ቢበዛ 20 ዶላር ነው። በራስ መሥራት ከዋጋው ይልቅ በዚህ በኩል ትልቅ ብልጫ አለው ብለን እናምናለን።

ሆኖም አገር ሲናወጥ ስድስቱም ማዳሞች አብረው ይጠፋሉ። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ሁሉ ሲዘጋ «ለጊዜው አትምጪ» የተባሉት ተመላላሾች ናቸው፤ ኪራዩ ግን አልቆመም። በሴፕቴምበር 2024 ጦርነቱ ሲሰፋ ብዙ ቤተሰብ ከደቡብና ከዳሕየ ሲሸሽ የቤት ሥራ በአንድ ሳምንት ተቋረጠ። አዳሪዎችም አልዳኑም፤ በር ተቆልፎባቸው ወይም በመንገድ ላይ ተትተው የቀሩ ነበሩ። ስለዚህ ውጪ ልትወጣ ያሰበች እኅት የሦስት ወር ወጪ አስቀድማ ብትይዝ ጥሩ ነው። በምሳሌያችን 335 ሦስት ጊዜ 1,005 ዶላር ነው። ይህን ሳይዙ መውጣት በመጀመሪያው ክፉ ወር በአራጣ ብድር ውስጥ ይጥላል፤ አራጣ ደግሞ የትኛውንም የሰዓት ዋጋ ይበላል።

ለአዳሪዎችም አንድ ቃል። «ገንዘብሽን እኔ ጋ ላስቀምጥልሽ፣ ስትሄጂ አንድ ላይ ትወስጃለሽ» የምትል ማዳም ደግ ልትሆን ትችላለች። ባንክ ግን አይደለችም። ውሉ ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ ሙሉውን እንዲከፈል ይላል፤ ሦስት ወር ተከታትሎ ካልተከፈለም ሠራተኛዋ ውሉን ማፍረስ እንደምትችል ይፈቅዳል። የተቀበላችሁበትንና ያልተቀበላችሁበትን ቀን በአማርኛም ቢሆን በደብተር ጻፉ።

ኢቃማ የሌላት 50 ዶላር አታተርፍም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጪ አድርጓል። የእናንተ መኖሪያና ሥራ የታሰረው በከፊሉ ስም ነው። በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ ያለ ከፊሏ ፈቃድ አሠሪ እንድትቀይር የሚያስችል አዲስ ውል አውጥቶ ነበር፤ በወሩ ግን የመንግሥት ምክር ፍርድ ቤቱ (ሹራ) የቅጥር ቢሮ ባለቤቶች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ አገደው። ስለዚህ ከፊልን በሕጋዊ መንገድ መቀየር የሚቻለው አሮጌው ከፊል በካቲብ አድል ፊት ተናዙል ሲፈርም ነው።

«ፍሪላንስ» የምንለው ነገር እንግዲህ በሕጉ ዘንድ በራሱ ቦታ ያለው አይደለም። በአንድ ሰው ስም ኢቃማ አውጥቶ በሌሎች ቤት መሥራት ብዙዎች ያደርጉታል፤ ፈቃዱ ግን ለዚያ ሰው ቤት ብቻ ነው፣ ሲያዙ እስርና ወደ አገር መመለስ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ደብቀን ስለ 479 ዶላር ብቻ ብንነግራችሁ ግማሹን መናገር ይሆንብናል። በስሙ የሚያስገባው ሰውም ገንዘቡን ተቀብሎ ወረቀቱን ሳያስጨርስ ሊቀር፣ በዕድሳት ጊዜ እጥፍ ሊጠይቅ፣ ሲጣላም «ጠፍታብኛለች» ብሎ ሊከስ ይችላል። ስለዚህ በሒሳባችሁ ውስጥ የኢቃማውን መስመር ስትጽፉ የምታውቁት የታመነ ሰው መሆኑንና የከፈላችሁበት ማስረጃ መኖሩንም አብራችሁ ጻፉ።

አንዳንድ እኅቶች «ያለ ኢቃማ ብሠራ በወር 50 ዶላር ይተርፈኛል» ብለው ያስባሉ። እስቲ እናስላው። ኢቃማ የሌላትን እኅት የሚያሠራት ሰው መጥፎ ከሆነ ይህን አውቆ 4 የነበረውን 3 ያደርገዋል። በ140 ሰዓት 140 ዶላር ነው። 50 ለማትረፍ 140 ጣለች። አልከፍልም ቢላትም የት ትከሰዋለች? ፍተሻ ባለበት መንገድ ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄዳለች፣ ስትታመም ሆስፒታል ትፈራለች፣ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትነሣም ያለፉት ዓመታት ቅጣት ይጠብቃታል። ከአሠሪ ቤት ጠፍቶ መውጣትም ወደዚሁ ያደርሳል፤ ፓስፖርቱ እዚያው ይቀራልና።

በሌሎች አገሮችም ከከፊል ውጪ መሥራት ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ባደረገችው ዘመቻ ወረቀት የሌላቸውና ከከፊላቸው ውጪ ሲሠሩ የተገኙ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የደከሙበትን ዕቃና ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ትተው ነው የሄዱት።

እንጀራ ጋግሮ መሸጥስ?

የሰው ቤት በሰዓት ማጽዳትም ቢሆን ቅጥር ነው፤ የራስ ሥራ የሚባለው ሌላ ነው የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ፀጉር መሥራት፣ እንጀራ መጋገር፣ ለልደትና ለክርስትና ወጥ መሥራት በኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። እስቲ እንጀራውን እንይ፤ ብዙ የሚጠየቅበት እርሱ ነው።

60 እንጀራ ለመጋገር ዱቄቱ 18፣ ጋዙ 5፣ ፌስታሉ 1 ዶላር ቢፈጅ 24 ዶላር ወጪ ነው። አንዱን በ75 ሳንቲም ብትሸጡት 45 ዶላር ታገኛላችሁ፤ 21 ዶላር ትርፍ። ማቡካት፣ መጋገርና ማድረስ 7 ሰዓት ቢወስድ በሰዓት 3 ዶላር ነው። 10 እንጀራ ሳይሸጥ ቢያድር ግን ትርፉ ወደ 13 ዶላር ተኩል ይወርዳል፤ በሰዓት ከ2 ዶላር በታች። ዱቤውም አለ፤ «እሑድ እሰጥሻለሁ» ያለችው እኅት እሑድ አትመጣም፤ ይህን እናንተው የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የጽዳት ሥራ ትታችሁ በእንጀራ ብቻ ልትኖሩ ካሰባችሁ በዚህ ምሳሌ ትከስራላችሁ። ሥራ በማይገኝበት ቀንና ሰዓት ከተጋገረ ግን ባዶ የነበረው ሰዓት 2 ወይም 3 ዶላር አመጣ፤ ኪራዩን በማይጨምር ገንዘብ። አስቀድሞ የታዘዘውን ብቻ መጋገርም የሚያድረውን ያስቀራል።

ስለ ምጣድ አንድ ነገር እንጨምር፤ ገንዘብ ያባከኑበት ስላሉ። ከአገር ቤት የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። የ5 አምፔር ኢሽቲራክ በ220 ቮልት የሚሸከመው 1,100 ዋት ነው፤ 10 አምፔሩም 2,200 ብቻ ነው። ምጣዱን ስትሰኩት መብራቱ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ምጣድ ከማስመጣታችሁ በፊት አምፔራችሁን ጠይቁ፤ ካልበቃ የጋዝ ምጣድ ይሻላል።

ሹሩባ መሥራት በዚህ በኩል ቀላል ነው፤ ከእጅና ከማበጠሪያ በቀር ብዙ ወጪ የለውም። ሥራው ግን የሚኖረው እሑድና በበዓል ሰሞን ነው።

ከማዳም ጋር ሲነጋገሩ

የሰዓት ዋጋን ማስጨመር ከባድ ነው፤ ሌሎቹን ነገሮች ማስተካከል ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሥራ አትጠሩ፤ መንገዱ ዋጋውን ይበላዋል፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ይሁን በሉ። ሰርቪሱ ለብቻው እንዲከፈል ጠይቁ፤ 3 ዶላሩ በ20 ቀን 60 ዶላር መሆኑን አይተናል። በጠዋት ደውላ የምትሰርዝ ማዳም ካለች፣ ካለፈው ማታ በኋላ ከተሰረዘ ግማሹ እንዲከፈል አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሁሏም አትስማማም፤ ከስድስት ሁለቷ እንኳ ብትስማማ ከጎደሉት 6 ቀኖች ጥቂቱ ይመለሳል። አዲስ ቤት ስትቀበሉም ካሏችሁ ቤቶች አጠገብ ያለውን አስቀድሙ፤ በሰዓት ግማሽ ዶላር ጨምራ ሁለት ሰርቪስ የምታስቀይር ማዳም ጎረቤት ካለችው 4 ዶላር አትበልጥም።

ሒሳቡን ለመሥራት የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ የአንድ ወር ገቢና ወጪያችሁን ጽፋችሁ እሑድ ከጸሎት በኋላ አምጡልን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። ውል ያላችሁም ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ አረብኛውን እናነብላችኋለን።